ዳዶው ይጥፋ፣ ስታዱ ይትረፍ፦ አባይ ማዶ ግቢ ውስጥ የተፈታ የኮሮላ ማኒፎልድ

መኪናዋ ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለቤቷ የእህቴ ባል ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ አባይ ማዶ ይኖራል፣ ፊዚክስ ያስተምራል። ጠዋት ስትነሳ በራዲያተሩ በኩል ካለው የሞተሩ ጎን «ጠክ ጠክ ጠክ» የሚል ድምፅ ትሰጣለች፤ ድልድዩን ተሻግራ ከተማ ከገባች በኋላ ድምፁ ይጠፋል። መምህሩ የቫልቭ ድምፅ ነው ብሎ ትቶት ነበር። ጉዳዩ እኔ ዘንድ የደረሰው እህቴ፣ «መስኮት ዘግተን ስንሄድ ጭስ ጭስ ይሸተኛል፤ ልጆቹም ራሳችንን አመመን ይላሉ» ስትለኝ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። በባሕር ዳር የነሐሴ ዝናብ መስኮት ከፍቶ የሚነዳ የለም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚሰማና ሲግል የሚጠፋ እንዲህ ያለ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ማኒፎልዱ፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ የሚወስደው ብረት፣ እንደሚተነፍስ ነው። የጭስ ማኒፎልዱ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በመካከላቸው ያለው መደፈኛ ጋስኬት ተቃጥሎ ክፍተት ሲፈጠር፣ ጭሱ በየምቱ በዚያ ይወጣል። ብረቱ ሲግል ይለጠጥና ክፍተቱን ስለሚደፍነው ድምፁ ይጠፋል፤ ቀዳዳው ግን አልጠፋም። የሙቀት መከላከያውን ቆርቆሮ በባትሪ ስናይ፣ ከካምቢዮው በኩል ባለው የመጨረሻው ሲሊንደር አጠገብ ጥላሸት ተለጥፎ አገኘን። ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። እሱ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት ከመጀመሪያ ምልክቶቹ አንዱ ነው። ልጆች በሚጫኑባት መኪና ላይ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ማኒፎልዱን ፈትቶ አዲስ ጋስኬት ማግባት። ጋስኬቱ ውድ ዕቃ አይደለም። ችግሩ ያለው ማኒፎልዱን የያዙት ዳዶዎች ላይ ነው።

ማኒፎልዱ የታሰረው በስታድ ነው፤ ራስ የሌለው፣ በሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ብሎን ማለት ነው። አንዱ ጫፍ ቴስታታው ውስጥ ይገባል፣ በሌላው ላይ ማኒፎልዱ ይሰካና በዳዶ ይጠበቃል። የዚህች መኪና ስታዶች ውፍረታቸው 10 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ፣ ዳዶዎቹ የ14 ቁልፍ ናቸው። ሁሉም ዝገው ቡናማ ሆነዋል። ከመካከላቸው የአንዱ ዳዶ ማዕዘን ተበልቶ ክብ ወደመሆን ተቃርቧል። ከዚህ ቀደም አንድ ጋራዥ ድምፁን ለማጥፋት ዳዶዎቹን አጥብቆ መልሷት ነበር፤ ያኔ የተጠቀሙበት ቁልፍ የኢንች ይመስለኛል። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ወደ 14.3 ሚሊ ነው። ለዓይን የ14 ይመስላል፣ ዳዶው ላይም ይገባል፤ ነገር ግን ያቺ 0.3 ሚሊ የነከሰ፣ ማለትም በዝገት የተጣበቀ፣ ዳዶን ማዕዘን ለመላጥ ትበቃለች።

ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት ከመምህሩ ጋር የተነጋገርነው ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተል ነበር። እዚህ መጋጠሚያ ላይ ሦስት ነገሮች ተናክሰዋል፦ ዳዶ፣ ስታድ፣ ቴስታታ። ዳዶ በየመለዋወጫ መሸጫው በጥቂት ብር ይገኛል። ስታድ ትንሽ ማፈላለግ ይጠይቃል እንጂ እሱም ይገኛል። ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ወይም ቀዳዳው ከተንሻፈፈ የግቢ ሥራ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ውላችን ይህ ነበር፦ ዳዶው ይጥፋ፣ ስታዱ ይትረፍ፤ ስታዱም ካልተረፈ ቴስታታው ይትረፍ። የቤት ጥገና ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። ሰው ጥቂት ብር የሚያወጣውን ዳዶ ለማዳን ሲታገል ስታዱን ይበጥሳል፤ የተበጠሰውን ስታድ በችኮላ ሲሰረስር ቴስታታውን ያበላሻል።

መጀመሪያ የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ መነሳት ነበረበት። የያዙት ባለ 10 ራስ ትናንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ከፊሎቹ ገና ሲነኩ ተበጠሱ። መምህሩ ደነገጠ፣ እኔ ግን አልተጨነቅሁም። እነዚህ የገቡት ቴስታታው ላይ ሳይሆን ማኒፎልዱ ላይ ነው። ማኒፎልዱ ደግሞ ወርዶ ሞርሳ ላይ ስለሚታሰር፣ ጉማጃቸው እዚያ በቀጥታ ይሰረሰራል። ሞተሩ ላይ የሚቀረውና ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው እኩል ጥንቃቄ አይፈልጉም።

ለምን ነከሱ? መምህሩ፣ «እዚህ እኮ የባሕር ጨው የለም» አለኝ፤ ልክ ነው። ጣና ጨዋማ አይደለም፤ የባሕር ዳር ዝገት የምጽዋ ወይም የጅቡቲ ዝገት አይደለም። ነገር ግን ለማኒፎልድ ዳዶ ጨው አያስፈልገውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጋስኬቱ ተበልቶ የሚተነፍስ ማኒፎልድ ይህን እንፋሎት ቀጥታ ዳዶው ላይ ይነፋዋል። ከአባይ ማዶ እስከ ትምህርት ቤት ያለው ጉዞ አጭር ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይጠፋል፣ እንፋሎቱም ውሃ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ መኪና ሐይቁ ዳር ወስዶ ሞተሩ እንደጋለ ውሃ እየረጩ ማጠብ እኛ ከተማ የተለመደ ነው። ጥርሱ መካከል የነበረው ዘይት በሙቀት ተቃጥሎ አልቋል። ብረት ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ በዳዶውና በስታዱ ጥርስ መካከል የነበረችውን ክፍተት ሞልቶ ያጣብቃቸዋል። በሌላው ጫፍ፣ ስታዱ አሉሚኒየሙ ውስጥ በገባበት፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ይሠራል፤ ያ ዱቄት ስታዱን እዚያው ይቀረቅረዋል።

ማታ ላይ የሚታየውን ጥርስ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርገን፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ናፍታ ቀላቅለን ዳዶዎቹ ሥር ጠብ ጠብ አደረግንና ተውነው። ሱቅ ላይ የሚሸጠው የዝገት መፍቻ ስፕሬይም ይሆናል። ዋናው ነገር ሌሊቱን ማሳለፉ ነው። ዘይት በዝገት ውስጥ የሚሰርገው በዝግታ ነው፤ ረጭቶ ወዲያው ቁልፍ ማንሳት ዘይቱን ማባከን ነው። የስታዶቹን ጫፍ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጣጥቀዋል፣ ዘይቱም መንገድ ያገኛል።

በነጋታው ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ መጡ። ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወርክሾፕ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተተከለ ነው፤ ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተከፈተ ነው። በባሕር ዳር ብረት አንስቶ ሳያየው የማይቆርጥ ሰው ካገኛችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ በኩል ያለፈ ወይም ያለፈ ሰው ያስተማረው ነው። ይህ ለከተማዋ ትልቅ ሀብት ነው፤ በሚገባው ልክ አልተነገረለትም።

መምህሩ የቁልፉን እጀታ የሚያስረዝም ቧንቧ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ ብናስረዝመውስ?»

«ተው ልጄ። የምታስረዝመው ጉልበትህን ነው፤ ስታዱ ግን ያው 10 ሚሊ ነው።»

ከዚያ ሒሳቡን መምህሩ ራሱ ሠራው። የተለመደ ጥንካሬ ያለው 10 ሚሊ ብሎን የሚጠበቀው በ50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ብትጫን ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ቧንቧውን ወስዶ ከአጥሩ ጋር አስደገፈው።

እህቴ በበኩሏ ፍል ውሃ ብናፈስበት ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ በሱም ሒሳብ ተሠራ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት የ10 ሚሊ ዳዶ ቀዳዳ የሚሰፋው ከ0.01 ሚሊ ያነሰ ነው፤ ውሃው ስታዱንም አብሮ ስለሚያሞቀው ያቺም ትጠፋለች። ዳዶው ብቻውን በእሳት በ300 ዲግሪ ቢግል ግን ቀዳዳው ወደ 0.036 ሚሊ ይሰፋል። የጸጉር ውፍረት ግማሽ ያህል ናት፤ ዝገቱን ለመሰንጠቅ ትበቃለች። ምስጢሩ ዳዶውን በፍጥነት ማጋል፣ ስታዱ ሳይከተለው መፍታት ነው።

እሳቱን ያገኘነው ከሰፈሩ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የመዳብ ቱቦ የሚበይድበት የጋዝ ችቦ ነበልባሉ ቀጭን ስለሆነ ለአንድ ዳዶ ልክ ነው። ባትሪውን አወጣን፣ ራዲያተሩን አነሳን፣ በብሩሽና በሳሙና ውሃ የትናንቱን ዘይት አጠብን፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በሽቦዎቹ ላይ አለበስን፣ አሸዋ በባልዲና የእሳት ማጥፊያ አጠገባችን አደረግን። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አልተጠቀምንም። አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል ስለሆነ እሳት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት ቀለሙን አይቀይርም። ብረት ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን የቴስታታው አሉሚኒየም ወደ መቅለጫው ተጠግቷል። ስለዚህ ነበልባሉ ዳዶው ላይ ብቻ፣ አቅጣጫውም ከቴስታታው ወደ ውጭ።

ሽማግሌው ሰም ጠየቁ። ጎጃም ቤት ውስጥ ሰም አይጠፋም፤ ለጠጅ ከተጣራ ማር የተረፈ ቁራጭ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ዳዶው ግሎ እሳቱ ሲነሳ ሰሙን ሥሩ ላይ አስነኩት፤ ፈሶ ወደ ጥርሱ ውስጥ ተሳበ። ዘይት እንዲህ ባለ ሙቀት ጭሶ ያልቃል፤ ሰም ግን ዳዶው እየቀዘቀዘ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይከተለዋል፣ ሲረጋም እዚያው ይቀራል።

ቁልፉ ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት መሆን አለበት። ባለ አሥራ ሁለቱ የሚይዘው የዳዶውን ጫፍ ብቻ ስለሆነ ማዕዘኑን ይልጣል። መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ አልዞርንም፤ ወደ ማጥበቂያው በጣም ትንሽ ነካ አደረግነው። ዝገቱ የሚሰበረው በየትኛውም አቅጣጫ ነው። «ጭቅ» የሚል ድርቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ ወደ መፍቻው ሩብ ዙር፣ መልሶ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ፣ እንደገና ወደ መፍቻው። ከእሳቱም ከሰሙም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለእጅ ስሜት ነው። እየተፈታ ያለ ዳዶ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ እንደ ደረቀ ይዞራል። ሊበጠስ ያለ ስታድ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ቁልፉ ይሄዳል፣ ስትለቀው ግን በመጠኑ ይመለሳል። ዞሮ ከተመለሰ የዞረው ዳዶው ሳይሆን የተጠመዘዘው ስታዱ ነው። እዚያ ላይ ማቆም፣ እንደገና ማጋል፣ ሰም መጨመር ብቻ ነው ያለው። መምህሩን እጁን ቁልፉ ላይ አስቀምጬ ልዩነቱን እንዲሰማው አደረግሁ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን የፈታው እሱ ነው።

አንዳንዱ ዳዶ ብቻውን ወጣ። አንዳንዱ ስታዱን ይዞ ከቴስታታው ወጣ፤ ይህም መልካም ነው፣ ስታዱ በአዲስ ይተካል። ማዕዘኑ የተበላው ዳዶ ላይ ሶኬት ማስገባት ትርጉም አልነበረውም። ከስታዱ ጎን ለጎን፣ ጥርሱን ሳይነካ፣ ዳዶውን በ5 ሚሊ ፑንታ ሰረሰርነውና በብረት መሮ ሰነጠቅነው። ዳዶው ተከፈተና በእጅ ወጣ፤ ስታዱ ምንም አልሆነም። ውላችን በተግባር ይህ ነው።

ከሥር፣ ጥላሸቱ በነበረበት ማዕዘን ያለው የመጨረሻው ግን እንቢ አለ። በእሳትም በሰምም ከተሞከረ በኋላ ያንን የመለስለስ ስሜት ሰጠ፤ አቆምን። ዳዶውን ልንሰነጥቀው ፑንታ ስናስጠጋ ስታዱ ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ሆኖ ተበጥሶ ወጣ። የተበጠሰውን ፊት ስናየው ከግማሽ በላዩ ጥቁር ነበር፤ ማለትም ስንጥቁ የቆየ ነው፣ በዚያ ዕለት የያዘው ትንሽ ብረት ብቻ ነበር። ለዓመታት ትኩስ እንፋሎት ሲነፋበት የኖረ ስታድ ነውና አያስገርምም። ማኒፎልዱ ወረደ፤ ጉማጁ ቴስታታው ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው የተበጠሰ ብሎን ማውጫውን፣ ተሰርስሮ በግራ ጥርሱ የሚገባውን ቀጭን መሣሪያ ነው። እኔ ለእንዲህ ያለ የነከሰ ጉማጅ አልመክረውም። መሣሪያው በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ያኔ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። የመረጥነው ብየዳን ነው። በያጁ ትንሿን ማሽኑን ይዞ መጣ፤ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያውን ሶኬት ነቀልን፣ የመሬት መቆንጠጫውን ሥራው አጠገብ አሰርን። በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ጉማጁ መካከል ላይ ብረት ከመረ፤ ከዚያ ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው በላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ላይ በየዳቸው። ብዙ ሰው ቴስታታው ላይ ይጣበቃል ብሎ ይፈራል። የብረት ብየዳ አሉሚኒየምን አይዝም፤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከሙቀቱ ነው፣ ስለዚህ አጭር አጭር እያደረገ ሠራ።

መጀመሪያ የተበየደው ዳዶ ተገንጥሎ ወጣ። ይህ የተለመደ ነው። መገንጠሉ ራሱ ጥቅም አለው፤ ጉማጁ ቀይ እስኪሆን ግሎ ሲቀዘቅዝ አንዴ ተለጥጦ ተኮማትሯል፣ በዙሪያው ያለው ነጭ ዱቄትም ተሰንጥቋል። እንደገና ተበየደ፤ እጅ እስኪያስነካ ቀዘቀዘ፣ ሥሩ ሰም ጠጣ። መብራት በመካከል ጠፍቶ ስለነበር ለመቀዝቀዝ በቂ ጊዜ አገኘ፤ ተመልሶ እስኪመጣ ማንም ቁልፍ እንዳይነካው ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያ፣ ትንሽ ወደ መፍቻ፣ ጉማጁ ዞረ፤ ነጭ ዱቄት እያራገፈ ወጣ።

ባይወጣስ? ለዚያም ተዘጋጅተን ነበር። ሽማግሌው አንድ ወዳጃቸው ቶርኖ ቤት ሄደው በማኒፎልዱ ቀዳዳ ውስጥ ልክ የሚገባ፣ መካከሉ ቀጭን ቀዳዳ ያለው የብረት ቡሽ አስቆርጠው መጥተዋል። ማኒፎልዱን በሌሎቹ ስታዶች መልሰን አስረን፣ ፑንታውን በቡሹ ውስጥ ብንሰድ ከጉማጁ መሐል አይወጣም። በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ብረት ላይ ጀምሮ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም መሸሽ ልማዱ ነው፤ ቴስታታ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ከቀጭን ወደ ወፍራም እየሄዱ 8.8 ሚሊ ላይ መቆም፣ ከዚያ በጥርስ ማውጫ የ10 ባለ 1.25 ጥርስን ማጽዳት። ጉማጁ በጥልቀት የተቀበረ፣ ዓይን የማይደርስበት ቢሆን ኖሮ ግን በግቢ አልሞክረውም፤ ቴስታታው ወርዶ ማሽን ሥር ይሄዳል።

መመለሱ ፈጣን ነበር። የማኒፎልዱ ፊት ቀጥ ባለ ብረት ሲለካ በሥረኛው ማዕዘን በኩል ተጣሞ ስለተገኘ ቶርኖ ቤት ተስተካከለ። ይህን ሳያዩ አዲስ ጋስኬት ማግባት ያንኑ ድምፅ በቅርቡ መልሶ መስማት ነው። የቴስታታው ቀዳዳዎች በጥርስ ማውጫ በእጅ ተጠረጉ፤ ስታዶቹም ዳዶዎቹም በሙሉ አዲስ ሆኑ። ጥርሳቸውን የመዳብ ግሪስ ስስ አድርገን ቀባነው። የተቀባ ጥርስ በዚያው የማጥበቂያ ቁጥር ከደረቁ የበለጠ ይወጠራል፤ ስለዚህ የአምራቹ ቁጥር ለደረቅ ጥርስ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ከመሐል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ጠበቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳናት፤ ያ ድምፅ የለም። በመጋጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባን፤ አረፋ አልወጣም። እህቴ ልጆቹን ይዛ መስኮት ዘግታ እስከ አዲሱ ድልድይ ደርሳ ተመለሰች። ጥቂት ቀናት ከተነዳች በኋላ መምህሩ ራሱ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ ዳዶዎቹን የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው የቁጥር ቁልፍ ፈተሸ። ከሥረኛው ማዕዘን ያለው ጥቂት ዞሮ ጠበቀ፤ ሌሎቹ በነበሩበት ናቸው።